መብራት ሲጠፋ ኪሳራው የኩባንያው ይሁን

ሜልበርን ውስጥ ያራቪል የሚኖር ሰው መብራት የሚሸጥለትን ድርጅት በአንድ የስልክ ጥሪ መለወጥ ይችላል። ምሰሶውንና ሽቦውን የያዘውን ጀሜናን ግን መለወጥ አይችልም። ከድርሻው 60 በመቶው የቻይናው ስቴት ግሪድ፣ 40 በመቶው የሲንጋፖር ፓወር ነው። ደንበኛው ጥሎት መሄድ የማይችለውን ኩባንያ ሥርዓት የሚያስይዘው ደንብ ብቻ ነው፤ የቪክቶሪያው ደንብ ደግሞ ልል ነው።

ከ2021 አጋማሽ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ስሌት፣ በዓመት ከ18 ሰዓት በላይ መብራት የጠፋበት ቤት 130 ዶላር፣ ከ30 ሰዓት በላይ 190፣ ከ60 ሰዓት በላይ 380 ዶላር ይከፈለዋል። ማመልከቻ ሳያስፈልግ መሰጠቱ መልካም ነው። ሆኖም የአውስትራሊያ ኢነርጂ ተቆጣጣሪ የኩባንያዎቹን ወጪ ሲያጸድቅ የዚህን ካሳ ግምትም አብሮ ያስገባል። እንግዲህ የተጎዳው ሰው ካሳውን የሚያገኘው ከራሱና ከጎረቤቱ የመብራት ሂሳብ ነው። ይህ ቅጣት ሊባል አይችልም።

ማዕበል ሲነሣ ደግሞ ይብሳል። በከባድ አደጋ ቀን መብራት ከ12 ሰዓት በላይ ለጠፋበት የተመደበው 90 ዶላር ነው። ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 አናኪ አጠገብ ስድስት የከፍተኛ ኃይል ማማዎች ወድቀው ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ጨለማ ውስጥ ሲገቡ፣ ለረጅም ጊዜ መብራት ላጡት ቤቶች በሳምንት እስከ 1,920 ዶላር የሰጠው መንግሥት፣ ማለትም ግብር ከፋዩ ነበር። ነፋሱን ኩባንያ አላመጣውም፤ በዚህ የሚከሰው የለም። ነገር ግን ሰው መብራቱ መቼ እንደሚመለስ የሚያይበት የሌላው የሽቦ ኩባንያ፣ የኦስኔት ድረ ገጽ በዚያው ሰዓት መውደቁ የኩባንያው ጥፋት ነው። ሽቦ የሚነኩ ዛፎችን ማስቆረጥና በቂ የጥገና ሠራተኛ ማሰማራትም የኩባንያው ግዴታ ነው።

ትልቅ ክፍያ የመጣው ሞት ሲከተል ነው። በ2009 የመብራት ሽቦ ባስነሣው የኪልሞር ኢስት ቃጠሎ 119 ሰዎች ሞቱ፤ በ2014 ኤስፒ ኦስኔት (የዛሬው ኦስኔት) እና ሌሎች ተከሳሾች ኃላፊነት ሳይቀበሉ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ስምምነት ክሱን ዘጉ። ፍሪዘሯ ውስጥ ሥጋ የተበላሸባት፣ የእንጀራ ትዕዛዝ የቀረባት የሰፈራችን ነጋዴ ግን እንዲህ ያለ ክስ የማቆም አቅም የላትም።

ካሳ ዋጋ ያንራል የሚሉ አሉ። የሚያንረው ወደ ደንበኛው እንዲተላለፍ ሲፈቀድ ነው። ስለዚህ ካሳው ከባለአክሲዮኖች ትርፍ ብቻ ይውጣ፤ መብራት ከአንድ ቀን በላይ ሲጠፋ በሰዓቱ ልክ ይጨምር፤ የማዕበል ቀንም ሽፋን አይሁን፤ የአነስተኛ ንግዶች የተበላሸ ዕቃም ይታሰብ።

ብዙዎቻችን ያደግነው መብራት ሄዶ እስኪመጣ ዝም ተብሎ በሚጠበቅበት አገር ነው። እዚህ ዝም አትበሉ። ካሳችሁ ካልመጣ መጀመሪያ ለኩባንያው፣ ካልመለሰላችሁም ለቪክቶሪያ የኢነርጂና የውሃ እንባ ጠባቂ አቤት በሉ፤ አገልግሎቱ ነጻ ነው፣ አስተርጓሚም ይገኛል።