ሲጋራ ማቆም ለሚፈልጉ ሴቶችና ለቤተሰቦቻቸው የቀረበ ማሳሰቢያ

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የትምባሆ ጥናት ከመቶ ወንዶች ስድስት ያህሉ፣ ከመቶ ሴቶች ደግሞ አንዷ ገደማ እንደሚያጨሱ ተመዝግቧል። ሁለተኛው ቁጥር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ሴት የምታጨሰው በር ዘግታ ነው፤ ለእናቷ ያልነገረችውን ለጠያቂ ትነግራለች ብዬ አላምንም። ለነርሷም አትነግራትም፤ ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ነው።

የእርግዝና መከላከያ ለመውሰድ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ስትሄዱ ማጨሳችሁን አትደብቁ። ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ከሲጋራ ጋር ሲገናኝ ለስትሮክና ለድንገተኛ የልብ ሕመም ያጋልጣል። ዕድሜዋ 35 የሞላና በቀን 15 ወይም ከዚያ በላይ ሲጋራ የምታጨስ ሴት ይህን እንክብል ጭራሽ መዋጥ እንደሌለባት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ያስቀምጣል። ከ15 በታች ብታጨስም ሌላ ዘዴ መፈለጉ ይመረጣል። የሦስት ወሩ መርፌ፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውና ሉፕ ኢስትሮጅን የለባቸውም። «እኔ ሺሻ እንጂ ሲጋራ አላጨስም» የምትሉም ሺሻውን ተናገሩ፤ እሱም ትምባሆ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው የኒኮቲን ፕላስተር ነው። ባል ለጥፎ ስላቆመ ሚስትም ታቆማለች ማለት አይደለም። የሴቶች ጉበት ኒኮቲንን ከወንዶች ይበልጥ ቶሎ ያስወግዳል፤ ኢስትሮጅን ያለበትን እንክብል ስትወስድ ወይም ስታረግዝ ደግሞ ፍጥነቱ ይብሳል። በጥናቶችም ፕላስተሩ ሴቶችን ሲረዳ የታየው ከወንዶች ባነሰ መጠን ነው። ቫረኒክሊን የተባለው እንክብል ግን ለሴቶችም ጥሩ ይሠራል። ስለዚህ ፕላስተር ለጥፋ አምሮቱ ያልለቀቃትን «ልፍስፍስ» አትበሏት። ፕላስተርና የኒኮቲን ማስቲካ አንድ ላይ ይሻላት እንደሆነ፣ ወይም ቫረኒክሊን ይስማማት እንደሆነ ሐኪም ይወስንላት። ቫረኒክሊን ያቅለሸልሻል፤ ከምግብ በኋላ በብዙ ውሃ ይዋጣል። ነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ሳታማክር ከእነዚህ አንዱንም አትጀምር።

ማስቲካው እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ቀስ ብሎ ይታኘክና አፍ ሲቆነጥጥ ጉንጭ ውስጥ ይቀመጣል። ከቡና ጋርም አይሄድም፤ ቡና አፍን አሲዳማ ስለሚያደርገው ኒኮቲኑ በደንብ አይሰርግም። ቢያንስ 15 ደቂቃ ቀደም ብሎም ሆነ እያኘኩ ቡና አይጠጣም።

የቡና ነገር በዚህ አያበቃም። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርገዋል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ስለዚህ ፕላስተር አይተካውም። ሲጋራው በቆመ በቀናት ውስጥ ያው የለመዱት አቦልና ቶና በደም ውስጥ እጥፍ ካፌይን ሊያስቀር ይችላል። ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል ደግሞ የካፌይንን መውጣት ራሱ ያዘገየዋል። እንግዲህ እንክብሉን እየወሰደች ሲጋራ ያቆመች ሴት ኒኮቲኑ ቶሎ ያልቅባታል፣ ካፌይኑ ይከርምባታል። ልቧ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጥራታል፤ «ሲጋራውን ስላቆምኩ ነው» ብላ ትመለስበታለች። ቡና ቀንሱ ማለት እኛ አገር ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ስኒውን በግማሽ ቀንሱት። ወንዶችንስ? ብዙዎቹን የሚያሰናክላቸው ጫቱ ነው፤ እየቃሙ ሲጋራ ማቆም በጣም ይከብዳል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ሲጋራ ሲቆም ክብደት ይጨምራል፤ በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ። ያገለገለ ፕላስተር ኒኮቲን ስለሚቀርበት አጣጥፋችሁ ሕፃናት ከማይደርሱበት ጣሉት።

ነርሶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሆይ፣ እባካችሁ ሴቶችንም «ታጨሻለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አማቷና ባሏ በሌሉበት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ።