ከጥገና በፊት ቅጅ

አንድ ዕቃ ሲበላሽ የሰው የመጀመሪያ ፍላጎት ቶሎ መጠገን ነው። ሰዓት ሲቆም ይከፈታል፤ ራዲዮ ዝም ሲል ይመታል። ይህ ችኮላ በሌላ ዕቃ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀላል ሊሆን ይችላል። የሰው ድካም በተጻፈበት አሮጌ የኮምፒዩተር ዲስክ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን ብዙውን ጊዜ የማይመለስ ነው። ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ አስተያየት አጭር ነው፤ ይኸውም አሮጌ ዲስክ አልነበብ ያለ እንደሆነ ቀዳሚው ተግባር ጥገና ሳይሆን፣ ሊነበብ የሚችለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ መቅዳት ነው የሚል ነው።

የዚህን አስተያየት ምክንያት ለመረዳት አስቀድሞ የዲስኩን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ያህል እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበውንና በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡት የቤት ኮምፒዩተሮች አንዱ የሆነውን ኮሞዶር 64 እንውሰድ። ይህ ኮምፒዩተር 1541 ተብሎ በሚጠራው ድራይቭ አማካይነት ጽሑፍና ፕሮግራም የሚያስቀምጠው፣ መግነጢሳዊ ዱቄት በተቀባ ስስ የፕላስቲክ ዲስክ ላይ ነው። የዲስኩ አንድ ገጽ በ35 ክብ መስመሮች የተከፈለ ሲሆን፣ መስመሮቹ ደግሞ ሴክተር በሚባሉ 683 ትናንሽ ክፍሎች ተሸንሽነዋል። እያንዳንዱ ሴክተር 256 ባይት ይይዛል። አንድ ፋይል ከአንድ ሴክተር በላይ የሆነ እንደሆነ፣ በየሴክተሩ መጀመሪያ ያሉት ሁለት ባይቶች ቀጣዩ ክፍል የት እንደሚገኝ ያመለክታሉ። ስለዚህ ፋይሉ እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው፤ አንዲት ቀለበት ብትበጠስ ከእርሷ በኋላ ያለው ሁሉ፣ በቦታው ደኅና ሆኖ ቢቀመጥም፣ ለኮምፒዩተሩ የጠፋ ያህል ይሆናል።

በ18ኛው መስመር ላይ ደግሞ ሁለት ታላላቅ መዝገቦች ይገኛሉ። አንዱ የፋይሎች ስም የሰፈረበት ማውጫ ነው፤ ሌላው የተያዘውንና ባዶውን ሴክተር ለይቶ የሚያሳየው የቦታ መዝገብ ነው። ይህ አንድ መስመር ከተጎዳ የቀሩት 664 ሴክተሮች ምንም ሳይሆኑ ዲስኩ በሙሉ ባዶ መስሎ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ «አልነበብም» ማለት «የለም» ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ዲስክ አልነበብ የሚልባቸው ምክንያቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የዲስኩ የራሱ የአካል ጉዳት ነው። ዱቄቱ ሲላላጥ፣ ሻጋታ ሲያበቅል ወይም ሲጫር፣ በዚያ ስፍራ ያለው ሴክተር ሲነበብ የሚገኘው ድምር አስቀድሞ ከተመዘገበው ድምር ጋር አይስማማም፤ ድራይቩም ስሕተት ቁጥር 23 ብሎ ያስታውቃል። ሁለተኛው የመዝገብ ጉዳት ነው። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ወይም ዲስኩ ያለ ጊዜው ቢወጣ ፋይሉ ሳይዘጋ ይቀራል፤ በማውጫውም ላይ የኮከብ ምልክት ተደርጎበት ይታያል። ሦስተኛው ምክንያት ከዲስኩ ውጭ ያለ፣ የድራይቩ የራሱ ጉድለት ነው። የማንበቢያው ጫፍ ቆሽሾ ወይም ከመስመሩ ተናግቶ ሊሆን ይችላል። የ1541 ድራይቭ የመጀመሪያውን መስመር ለማግኘት ጫፉን ከማቆሚያው ጋር ደጋግሞ ስለሚያጋጭ፣ ይህ መናጋት በዚያ ዘመን የታወቀ ችግር ነበር። ከመስመሩ በተናጋ ድራይቭ የተጻፈ ዲስክ በዚያው ድራይቭ ተነብቦ በሌላው አልነበብ የሚልበት ጊዜም አለ።

ሦስቱም ምክንያቶች በመጀመሪያ እይታ አንድ ይመስላሉ፤ በሦስቱም የድራይቩ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ስለዚህ ምክንያቱን ሳይለዩ ለጥገና መቸኮል በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንደሚባለው እንኳ አይደለም፤ በዲስክ ላይ የፈሰሰው ሁልጊዜ አይለቀምምና።

ለዚህ አንድ ማስረጃ ላቅርብ። ኮሞዶር ለዲስኩ ቫሊዴት የሚባል የማረጋገጫ ትእዛዝ አለው። ትእዛዙ በማውጫው ላይ የሰፈረውን እያንዳንዱን ፋይል ተከትሎ የቦታ መዝገቡን እንደገና ያዘጋጃል። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን ሳይዘጋ የቀረውን ፋይል ከማውጫው ያስወግዳል፤ በማውጫው ያልተመዘገቡትንም ሴክተሮች ባዶ ናቸው ብሎ ይለቃቸዋል። ጽሑፉ በሴክተሮቹ ላይ ገና አለ፤ ሆኖም በማግሥቱ ሌላ ፋይል ቢቀመጥ በላዩ ይጻፍበታል። እንዲሁም የቆሸሸ ጫፍ ባለው ድራይቭ አንድን ዲስክ ደጋግሞ ለማንበብ መሞከር ዱቄቱን ይፍቀዋል፤ ትናንት አንድ የነበረው ብልሹ ሴክተር ዛሬ ዐሥር ሊሆን ይችላል።

አንዳንዶች ግን ይህን አስተያየት ይቃወማሉ። «የጥገናው ትእዛዝ በመመሪያው መጽሐፍ ተጽፎ ሳለ መቅዳቱ ጊዜ ማባከን ነው» ይላሉ። በ1980ዎቹ ይህ ክርክር ጥቂት እውነት ነበረው፤ ዲስክ በገንዘብ ይገዛ ነበር፤ ቅጅውም ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። ዛሬ ግን የአንድ ሙሉ የኮሞዶር ዲስክ ገጽ ይዘት 174,848 ባይት ብቻ ነው፤ ይህም በእጅ ስልክ የተነሣ አንድ ተራ ፎቶግራፍ ከሚይዘው ቦታ ያነሰ ነው። የቅጅው ዋጋ ከምንም ሳይቆጠር፣ የስሕተቱ ዋጋ ግን እንደ ቀድሞው ከባድ ነው። ስለዚህ ክርክሩ ዛሬ ውኃ አይቋጥርም።

ትዕግሥት ምን እንደሚያስገኝ የአንዲ ዋርሆል ዲስኮች ያስረዳሉ። ይህ አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1985 አሚጋ 1000 በተባለው የኮሞዶር ኩባንያ ኮምፒዩተር ሥዕሎች ሠርቶ ነበር። ሠዓሊው በ1987 ሞተ፤ ዲስኮቹም በኋላ በፒትስበርግ ከተማ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብተው ለብዙ ዓመታት ሳይነበቡ ቆዩ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክበብ አባላት ሥራውን ሲጀምሩ፣ ዲስኮቹን ማንበብ ራሱ ሊጎዳቸው እንደሚችል ያውቁ ነበር። ስለሆነም አስቀድመው በዲስኮቹ ላይ ያለውን መግነጢሳዊ ምልክት በልዩ መሣሪያ ቀዱ፤ ከዚያም እንግዳ የነበረውን የፋይሎቹን አቀማመጥ ከቅጅው ላይ መርምረው ፈቱ። ሥዕሎቹ መገኘታቸው በ2014 ለሕዝብ ተገለጠ። የጥገናው ሙከራ በዋናዎቹ ዲስኮች ላይ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት የተሳሳተች ትእዛዝ ሥዕሎቹን ለዘለዓለም ባጠፋች ነበር።

እንግዲህ ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በዲስኩ ጠርዝ ላይ ያለችውን ጎድጓዳ ቁራጭ በተለጣፊ መሸፈን ይገባል፤ ይህ ሲደረግ ድራይቩ በዲስኩ ላይ መጻፍ አይችልም። ቀጥሎ የማንበቢያው ጫፍ በአይሶፕሮፒል አልኮል በራሰ ጥጥ ይጠረጋል፤ ድራይቩም ብትጠፋ በማታሳዝን ዲስክ ይፈተናል። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ይቀዳል፤ አልነበብ ያሉት ሴክተሮች ቁጥራቸው ይመዘገባል፤ በሌላ ድራይቭም ይሞከራሉ። ጥገናው የሚደረገው በመጨረሻ፣ ያውም በቅጅው ላይ ነው። ቅጅው ቢበላሽ ሌላ ቅጅ ይወጣል፤ ዋናው ቢበላሽ ግን ምትክ የለውም።

ውድ ተማሪዎች፣ ምናልባት ኮሞዶር 64 በዓይናችሁ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። ነገር ግን የስልካችሁ የማስታወሻ ካርድ አንድ ቀን ተበላሽቶ «ካርዱን እንደ አዲስ ላዘጋጀው?» የሚል ጥያቄ በመስተዋቱ ላይ ቢመጣባችሁ፣ ያው የአሮጌው ዲስክ ጥያቄ መሆኑን አስተውሉ። መሣሪያው የሚጠይቃችሁ ስለ ራሱ ጤና ነው፤ በውስጡ ስላለው የእናታችሁ ፎቶግራፍ አያስብም። ስለዚያ ማሰብ የእናንተ ድርሻ ነው። በመሆኑም እጃችሁን ሰብስቡ፤ የሚነበበውን አስቀድማችሁ ቅዱ፤ ከዚያ በኋላ ጠግኑ።