ሰርዶ በሲሚንቶ አይቆምም

ስለ ዶላርና ስለ ነዳጅ ስንጨቃጨቅ ከርመን ዛሬ ስለ ሳር ጠርዝ ልጽፍ ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። የሰው እንጀራ ያለበት ጉዳይ ስለሆነ ግን ታግሳችሁ አንብቡልኝ።

በ2016 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ግቢ ማሳመር የሁሉም ሰው ወሬ ሆኗል። የእኛም ኮንዶሚኒየም አልቀረለትም። በሁለት ብሎኮች መካከል የሳር መተላለፊያ አለን፤ ግራና ቀኙ የአበባ መደብ ነው። ባለፈው በጋ ኮሚቴው ከየቤቱ ገንዘብ ሰበሰበና በሳሩና በመደቡ መካከል ከፍ ያለ የሲሚንቶ ጠርዝ አስገነባ። ጥቁርና ነጭ ቀለም ተቀባ፣ ፎቶ ተነሳ፣ የነዋሪው ግሩፕ ላይ ተጨበጨበ። ወር ሳይሞላ ደግሞ "ከእንግዲህ ሳሩ ወደ አበባው አይገባም" ተብሎ፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አትክልተኛ ተሰናበቱ።

ሐምሌ ላይ ሳሩ ጽጌረዳው ሥር ነበር።

ይህ ሊሆን እንደሚችል ለማወቅ መማር አያስፈልግም፤ ሰርዶን ማወቅ ይበቃል። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው አህያ ከንቱ ነው የደከመችው። ሰርዶ በሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው በመሬት ላይ እየተሳበ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ ነው። ሁለተኛው በመሬት ውስጥ፣ ሳይታይ ነው። ሲሚንቶ የላዩን ቢያዘገየው ነው። የውስጡ ግን ከጠርዙ ሥር ሾልኮ ያልፋል፤ ጠርዙ በተሰነጠቀበትም ብቅ ይላል። አንዲት አንጓ መሬት ውስጥ ከቀረች እንደገና ታቆጠቁጣለች። እንዲያውም ሲሚንቶው ለሰርዶው ምሽግ ሆነለት፤ አካፋ ሥሩ ጋ መድረስ አይችልማ! ጋሼ የሥራ ልብሳቸውን ሲጠቀልሉ ይህንኑ ነበር የጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ከሲሚንቶው ሥር ሲወጣ በምን ልቆርጠው ነው? በጥርሴ?"

እሳቸው ሲሠሩ የነበረው እንዲህ ነው። ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲለሰልስ ሁለት ችካል ይተክሉና ሲባጎ ይወጥራሉ። መተላለፊያው የሚታጠፍበት ጋ ሲባጎ ስለማይሆን የውኃ ጎማ መሬት ላይ ያጋድማሉ። ከዚያ ሳሩ ላይ ጣውላ አስቀምጠው ይቆሙበታል፤ ያለ ጣውላ ከቆሙ ጠርዙ በክብደታቸው ይናዳል። አፉ በሞረድ የተሳለ ጠፍጣፋ አካፋ በሲባጎው ልክ ቀጥ አድርገው ይተክላሉ፤ አንድ ጋት ያህል ይወርዳል። በሳሩ በኩል ግድግዳው ቀጥ ይላል፤ በአበባው በኩል አፈሩ ወደ ውስጥ ተዳፍኖ ትንሽ ቦይ ይሠራል። የተቆረጠውን ሰርዶ መደቡ ላይ አይጥሉም፤ ለቅመው በጆንያ ያወጡታል። በክረምት በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ይደግሙታል፣ በጋ ላይ ያላሉ። ቦይዋ ክፍት ስለሆነች ከሳሩ በኩል የሚሻገረው ሥር ይታያል። ከአካፋው በታች የሚያልፍም አለ፤ እሱ መደቡ ውስጥ ብቅ ሲል በእጅ ይለቀማል። ሥራው ይህ ብቻ ነው። ሲሚንቶ የለበትም፣ ቀለም የለበትም፣ የሚመረቅ ነገርም የለበትም። ችግሩም እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ስለ ውኃውም ልናገር። አዲስ አበባ ተዳፋት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዝናቧም አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠቃሎ ይወርዳል። ድሮ ከመተላለፊያው የሚወርደው ጎርፍ ቦይዋ ውስጥ ገብቶ ወደ መደቡ ይሰርግ ነበር። አሁን ከፍ ያለው ጠርዝ በላይኛው በኩል ውኃውን ከአበባው ከልክሎ ወደ አስፋልቱ ይነዳዋል፤ ከታች በኩል ደግሞ መደቡ ውስጥ የገባውን መውጫ ያሳጣዋል። ከላይ ያለው ጽጌረዳ ሲጠማ ከታች ያለው ሥሩ ይበሰብሳል። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በቦቴ ውኃ እንገዛለን!

የኮሚቴው ሰብሳቢ መልስ አላቸው፦ "አትክልተኛ በየወሩ ይከፈለዋል፣ ሲሚንቶ ግን አንዴ ነው።" ይህ ሒሳብ ልክ የሚሆነው ሲሚንቶው ሥራውን ከሠራ ብቻ ነው። አልሠራም። እንዲያውም ሥራ ጨመረ፤ የማጨጃ ማሽኑ ጎማ ከፍ ካለው ጠርዝ ጋር እየተላተመ አጠገቡ ያለውን ሳር ሳያጭድ ያልፋል። ያንን የቀረውን የሚቆርጥ ሰው በመቀስ ተንበርክኮ ነው። ማን? ጋሼን አሰናብተናል፤ ስለዚህ ማንም።

ጠርዝ ሁሉ በድንጋይ አይሠራ አላልኩም። መኪና የሚቆምበት ጋ ከርብስቶን ግድ ነው። በቀን ብዙ ሕዝብ የሚያልፍበት መንገድም ሳር አይችለውም፤ ኮብልስቶን ይነጠፍ። ጡብ የሚወድ ካለም ከሳሩ እኩል ዝቅ አድርጎ ያንጥፈው፤ ማሽኑ ላዩ ላይ ይሄዳል፣ ውኃውም ያልፋል፣ ከጡቡ ወዲያም አካፋ ይገባል። የእኛ መተላለፊያ ግን 1.5 ሜትር ስፋት ያለው፣ ሁለት ሰው እያወጋ ጎን ለጎን የሚያልፍበት፣ ልጆች በባዶ እግራቸው የሚሮጡበት ነበር። አሁን ልጆቹ ጠርዙ ላይ እየወደቁ ጉልበታቸውን ስለላጡ "ሳሩን መርገጥ ክልክል ነው" የሚል ታፔላ ቆሟል። በሳር መተላለፊያ ላይ! ታዲያ በምን ላይ እንለፍ?

የአንድ ግቢ ጣጣ ብቻ ቢሆን እዚህ ባላመጣሁት። ማለዳ በከተማዋ አዳዲስ መንገዶች ስታልፉ ባርኔጣ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው አረም የሚነቅሉትን ሴቶች እስኪ ልብ በሏቸው። ያ ሁሉ አረንጓዴ የቆመው በእነሱ ወገብ ነው። ሥራ ሲመረቅ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሠራ በየዜናው እንሰማለን። ለስንት ሰው፣ በስንት ብር፣ ለስንት ዓመት የእንክብካቤ ደሞዝ እንደተያዘስ? እናንተ ጋዜጠኞች፣ በሚቀጥለው ምርቃት ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቁልን። በየግቢው ያላችሁ ነዋሪዎችም ለአረንጓዴ ልማት አዋጡ ስትባሉ፣ ከሲሚንቶው ዋጋ በፊት የአትክልተኛውን ደሞዝ መስመር አሳዩን በሉ። መስመሩ ከሌለ አትፈርሙ።

የእኛ ስብሰባ እሑድ ነው። ጋሼ በቀድሞ ደሞዛቸው ሳይሆን ተጨምሮላቸው ይመለሱ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ። ሲሚንቶውን ለማፍረስ የሚያስፈልገውን መዶሻ እኔ አመጣለሁ።