ጉበት ይሉኝታ አያውቅም

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሁለት ኪኒኖች ነው፤ አንዱ ቡና ላይ የሚወራለት፣ ሌላው ቦርሳ ሥር የሚደበቅ።

ከእኛ ከጻፊዎቹ አንዷ (ስሟን አንጠራም፤ እሷም አጠገባችን ተቀምጣ ዓይኗን እያፈጠጠችብን ነው) በቅርቡ ከስታዲየም ታክሲ ተሳፍራ ሃያ ሁለት ልትወርድ ስትል መገናኛ ደርሳ ነቃች። ያውም የቀሰቀሳት ረዳቱ ነው፤ «እህት፣ መጨረሻ ነው!» ብሎ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ጣላት። በሦስተኛው ቀን ደረጃ ስትወርድ እግሯ ከዳት፤ ደግነቱ መደገፊያውን ያዘች። እኛም እንደ ልማዳችን «ምነው፣ ፍቅር ያዘሽ እንዴ?» እያልን ሳቅንባት። ፍቅር አልነበረም። ጨጓራ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህች እህታችን ለወራት እንቅልፍ የሚነሳ፣ ልብ የሚያስደልቅ ጭንቀት ነበረባት። ሐኪም አይቷት ማታ ማታ የምትወስደው አልፕራዞላም አዘዘላት። ደህና ሆነች። እኛ እንኳ አናውቅም ነበር። ከዚያ ጨጓራዋ ተነሣ፤ ተመረመረች፤ «ባክቴሪያ አለሽ» ተባለች። ኤች ፓይሎሪ የሚሉት ነው… አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 በጥብጦ ጠጥቶት የገዛ ጨጓራውን ያሳመመበት፣ በኋላም በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል የተሸለመበት። አገራችን ውስጥ ለዚህ በብዛት የሚታዘዘው ሦስት ዓይነት መድኃኒት ነው፤ ክላሪትሮማይሲን፣ አሞክሲሲሊን እና እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ። ለእሷም ለ14 ቀን ታዘዘላት።

ማዘዣዋን ይዛ መድኃኒት ቤት ሄደች። መስኮቱ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። ከኋላዋ የሰፈር ሴትዮ ቆመዋል። ፋርማሲስቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አላት።

«የለም» አለች።

እንግዲህ ይህቺ «የለም» ናት መገናኛ ድረስ የወሰደቻት።

ምን ሆነ መሰላችሁ? የምንውጠውን መድኃኒት አፍርሶ ከሰውነት እንዲወጣ የሚያደርገው በዋናነት ጉበት ነው። ለዚህ ሥራ ብዙ ኢንዛይሞች አሉት። ከእነሱ አንዱ ሲዋይፒ 3ኤ4 ይባላል። እንደ አንድ የአገልግሎት መስኮት ቁጠሩት፤ እጅግ ብዙ መድኃኒቶች የሚስተናገዱት በእሱ በኩል ነው፤ አልፕራዞላምም እንዲሁ። ክላሪትሮማይሲን ሲመጣ መስኮቱን ይዘጋዋል። ወረፋው ይረዝማል። የትናንት ማታዋ ኪኒን ሳትወጣ የዛሬዋ ትደርስባታለች። ልጅቷ የምትውጠው ያንኑ አንድ ፍሬ ነው፤ ደሟ ውስጥ የሚጠራቀመው ግን ከዚያ በላይ። ክላሪትሮማይሲኑ ካለቀ በኋላም መስኮቱ ወዲያው አይከፈትም፤ ጉበት በታሰሩት ምትክ አዲስ ኢንዛይም እስኪሠራ ቀናት ይፈጃል።

ይህ የሰፈር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የፊንላንድ ተመራማሪዎች የክላሪትሮማይሲን የቅርብ ዘመድ የሆነውን ኢሪትሮማይሲን፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ከሚሰጠው ማረጋጊያ ከሚዳዞላም ጋር ሰጥተው ለኩ። ሰውነት ያገኘው የሚዳዞላም መጠን ከ4 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። «አልፕራዞላም ሳይሆን ዲያዜፓም ነው የምወስደው» የምትሉም አትዝናኑ፤ ኦሜፕራዞል ራሱ በሌላ ኢንዛይም በኩል ዲያዜፓምን ያቆየዋል። አሞክሲሲሊን ምስኪኑ በዚህ ነገር የለበትም። አዚትሮማይሲንም ከዘመዶቹ ተለይቶ ያንን መስኮት ብዙም አይነካም። በዚህ ሁሉ ላይ መጠጥ ወይም እንደ ትራማዶል ያለ የሕመም ማስታገሻ ቢጨመርበትስ? ያኔ ነገሩ ከታክሲ እንቅልፍ አልፎ መተንፈስን እስከ ማዳከም ይደርሳል።

ተቃራኒውም አለ። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች በተለመደው የ6 ወር ሕክምና የሚወስዱት ሪፋምፒሲን መስኮት አይዘጋም፤ አዳዲስ ይከፍታል። የጭንቀት መድኃኒቱ ገና ሳይሠራ ተጠርጎ ይወጣል። በአፍ የተወሰደ ሚዳዞላም ከ100 እጅ 95 በላይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ከንቱ እንደሚቀር ተለክቷል። ሰውየው ግን «መድኃኒቱ ሰለቸኝ፣ ልጨምር» ይላል… ሪፋምፒሲኑ ሲያልቅ ያ የጨመረው ሁሉ በአንዴ ይወርድበታል።

ሦስተኛው ደግሞ ከጉበት መስኮት ጋር አይገናኝም። ለጭንቀት በብዛት የሚታዘዙት ሰርትራሊንና ፍሉኦክሴቲን አንጎል ውስጥ የሴሮቶኒንን ሥራ ያጠናክራሉ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ጭምር የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ደግሞ አንቲባዮቲክ ሆኖ ሳለ ሴሮቶኒን እንዳይፈርስ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ድለቃ፣ መቅበጥበጥ፣ ትኩሳት ሊያስከትሉ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2011 ያስጠነቀቀው ስለዚሁ ነው። የሚያስፈራው ምን መሰላችሁ? ምልክቱ ጭንቀትን ይመስላል። መድኃኒት መውሰዱን የደበቀ ሰው «በሽታዬ ተነሣብኝ» ብሎ ቤቱ ይተኛል።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። አዲስ አበባ ውስጥ ጨጓራ የሌለው ሰው አለ ወይ? ካፌ ገብተን «ጨጓራ አለብኝ፣ ማኪያቶ ይቅርብኝ» ለማለት ማንም አያፍርም። «ጭንቀት አለብኝ፣ መድኃኒት ላይ ነኝ» ብንልስ? ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። አንዱ «ጸሎት ነው የጎደለሽ» ይላል፤ ሌላው «እብድ ነሽ እንዴ፣ ምን አጣሽ?» ይላል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ ነበር። የእኛ ትውልድ ጉድ ደግሞ መድኃኒቱን አግኝቶ መድኃኒቱን መደበቁ ነው! ከጎረቤት መደበቅ ይቻላል፤ ከእናትም ይቻል ይሆናል። ጉበት ግን ይሉኝታ አያውቅም፤ ለሚወራለትም ለማይወራለትም ኪኒን የሚሰለፉበት መስኮት ያው አንድ ነው።

«ታዲያ ጥፋቱ የእሷ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ ይገባናል። ዋሽታለችና እውነት አላችሁ። ግን እናንተም በሰው መሐል፣ በጩኸት፣ ከኋላችሁ የሰፈር ሰው ቆሞ ብትጠየቁ ምን ትሉ ነበር? ፋርማሲስቱ ጠይቋል፤ መጠየቁ ብቻውን ግን አይበቃም። ጥያቄው መልስ እንዲያገኝ ተደርጎ መጠየቅ አለበት። እኛ የምንለው ቀላል ነው። ድምፅ ይቀነስ። ወረፋው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። «ሌላ መድኃኒት» ከማለት ይልቅ «የእንቅልፍም፣ የጭንቀትም፣ ማንኛውም ኪኒን» ተብሎ ይጠየቅ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

እስከዚያው ድረስ እኛስ? የምትወስዱትን መድኃኒት ማሸጊያ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ፋርማሲስቱ ሲጠይቃችሁ አፋችሁን ሳትከፍቱ ስልኩን አሳዩት። በቃ። እህታችን እንዲህ አደረገች፤ ሐኪሟ ዘንድ ተመልሳ ፎቶውን አሳየችው። እሱም የማታውን መጠን ለጊዜው አስተካከለላት፤ 14 ቀኗንም ጨረሰች። አደራ ታዲያ፣ ይህን አንብባችሁ የጭንቀት መድኃኒታችሁን በራሳችሁ ውሳኔ እንዳታቆሙ! እንደ አልፕራዞላም ያሉትን ድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ እስከ ማምጣት ይደርሳል። አንቲባዮቲኩንም መሐል ላይ አትጣሉት። የምትጥሉት ያቺን «የለም» ብቻ ነው።

እህታችን አሁን ሃያ ሁለት ሲደርስ «ወራጅ አለ!» ትላለች። እኛም መሳቁን ትተናል… ቢያንስ በዚህኛው።

ቸር ይግጠመን!