ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የወዳቂዎች መጣያ አይደለም!



በየከተማችን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ግቢ አለ። ልጆቻችሁ፣ እህቶቻችሁና ወንድሞቻችሁ በዚያ በር ገብተዋል፤ ወይም ነገ ይገባሉ። ገዥው ፓርቲ ምርጫ በመጣ ቁጥር ስለ እነዚህ ግቢዎች የሚነግረን ስንት ሕንፃ እንደተሠራና ስንት ሠልጣኝ እንደተመረቀ ነው። የኮሌጆቹ ቁጥር መጨመሩን እኛም አንክድም። የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው፤ የገባው ተማሪ ምን ተማረ? ወጥቶስ ምን ሠራ?

ነገሩ የተበላሸው ገና ከበሩ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአገሪቱን ልጆች በ10ኛ ክፍል ፈተና ለሁለት ከፈላቸው። ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ፣ ያላመጣው ወደ 10+1፣ 10+2 እና 10+3 ተላከ። በ2012 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲቀር መለያው መስመር ወደ 12ኛ ክፍል ተዛወረ እንጂ አስተሳሰቡ አልተለወጠም። በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። ከቀሩት ከፊሉ የማካካሻ ትምህርት ዕድል አገኘ። ለሌላው የተሰጠው መልስ «ቴክኒክና ሙያ ግባ» የሚል ነው። ምክር ቢመስልም ለልጁ የሚሰማው እንደ ፍርድ ነው።

ይህች አገር ከዚህ የተሻለ ታውቅ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ፋቂውን በሙያው መስደብን ከልክለዋል። በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የመጨረሻ አማራጭ አልነበረም፤ አገር የሚኮራበት ትምህርት ቤት ነበር። ታዲያ ከመቶ ዓመት በፊት በአዋጅ የተከለከለው ንቀት ዛሬ በመንግሥት ምደባ እንዴት ተመልሶ መጣ? ሙያን የቅጣት ቦታ አድርጎ፣ ዞር ብሎ «ወጣቱ ሥራ ይንቃል» ማለት ከቶ ምን የሚሉት ፍርድ ነው? የናቀው ወጣቱ አይደለም።

በመካከላችን በእነዚህ ኮሌጆች የተማርን፣ ያስተማርን፣ ልጆቻችንን የላክን አለን። የምንናገረውም የምናውቀውን ነው። መኪና ጥገና የፈለገው ልጅ «ቦታው ሞልቷል» ተብሎ ሒሳብ አያያዝ ይመደባል። የብየዳ ተማሪዋ ኤሌክትሮድ አልቋል ተብሎ ሳምንቱን በሰሌዳ ላይ የተሳለውን ስትገለብጥ ትሰነብታለች። በአንድ አሮጌ ሞተር ዙሪያ ክፍሉ በሙሉ ይቆማል፤ ከፊት ያሉት ያያሉ፣ ከኋላ ያሉት ይሰማሉ፣ የሚፈታውና የሚገጥመው ግን አሠልጣኙ ብቻ ነው። አሠልጣኙን አንወቅስም፤ እሱም በማትበቃ ደመወዝ፣ ባልተሟላ ዕቃ የሚታገል ዜጋ ነው።

የትብብር ሥልጠና የሚባለውም በወረቀት ላይ መልካም ሐሳብ ነው። ተማሪው በድርጅቶች ውስጥ ከባለሙያ ሥር ሆኖ እንዲሠለጥን ታስቦ ነበር። በተግባር ግን ስንቱ ተማሪ ነው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ከድርጅት ድርጅት ሲንከራተት የሚከርመው? ተቀባይ ያገኘውስ ስንቱ ነው ወለል ሲጠርግና ሻይ ሲያመላልስ ቆይቶ «ሠልጥኗል» የሚል ማኅተም የሚመታለት?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምዘናው ይመጣል። ከ2000 ዓ.ም. ስትራቴጂ ወዲህ ሥልጠናው በደረጃ ተከፍሏል፤ የኮሌጁን ትምህርት የጨረሰ ሁሉ ተማሪዎች «ሲኦሲ» የሚሉትን የብቃት ምዘና ማለፍ አለበት። ምዘናን አንቃወምም። ቤታችንን የሚሠራ፣ መብራታችንን የሚዘረጋ ሰው ብቃቱ ሊረጋገጥ ይገባል። ነገር ግን ልጁ በትምህርቱ ዘመን ነክቶት በማያውቀው መሣሪያ ተፈትኖ «ገና ብቁ ያልሆነ» ሲባል የወደቀው ማን ነው? ተማሪው ወይስ መሣሪያውን ያላቀረበለት ኮሌጅ? ውርደቱን የሚሸከመው ልጁ ነው፤ ተጠያቂው ባለሥልጣን ግን በሪፖርቱ «ዕቅዱ ተሳክቷል» ብሎ ይጽፋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሏል ይህ ነው።

ምዘናውን ያለፈውም ገና አልተገላገለም። «ተደራጁ» ይባላል። ለመሥሪያ ቦታና ለብድር ሲሄድ በየቢሮው የሚጠየቀው የሙያ ችሎታውን ብቻ አይደለም፤ የማን ደጋፊ እንደሆነም ይታያል። ይህን በየቀበሌያችን የማያውቅ የለም። በዚህ መንገድ ተስፋ የቆረጠው ወጣት ደላላ ፍለጋ ይወጣል፤ ሙያውን ጥሎ ወደ ዓረብ አገር ይሰደዳል።

በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ተቋቁሞ ዘርፉን ተረክቧል። የመሥሪያ ቤት ስም መለወጥ ብቻውን ግን ለወርክሾፕ ኤሌክትሮድ አይገዛም። ስለሆነም ፓርቲያችን በመራጩ ሕዝብ ድምፅ ሥልጣን ሲይዝ የሚከተሉትን ይፈጽማል፤

1. ተማሪው የሙያ መስኩን ራሱ ይመርጣል። ኮሌጁ የተማሪ ቁጥር የሚወስነው ባለው መሣሪያና አሠልጣኝ መጠን እንጂ ከላይ በወረደለት ኮታ አይሆንም።

2. አዲስ ሕንፃ ከመጀመሩ በፊት ያሉት ወርክሾፖች ይሟላሉ። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ለሚሉን መልሳችን ይህ ነው፤ ለሪባን መቁረጫ ከሚወጣው በጀት።

3. የትብብር ሥልጠና በተማሪው፣ በኮሌጁና በድርጅቱ መካከል በሚፈረም ውል ይመራል። ተማሪ የሚያሠለጥን ድርጅት የግብር ማበረታቻ ያገኛል፤ ተማሪን እንደ ተላላኪ የሚጠቀም ደግሞ ይጠየቃል።

4. የመጀመሪያው የብቃት ምዘና ያለ ክፍያ ይሰጣል። የእያንዳንዱ ኮሌጅ የምዘና ውጤትና ሥራ ያገኙ ምሩቃን ቁጥር በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጻል።

5. ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው መሰላል በሥራና በችሎታ ለሚወጣ ሁሉ ክፍት ይሆናል።

6. የመሥሪያ ቦታና ብድር በሙያ ማረጋገጫ እንጂ በፓርቲ አባልነት አይሰጥም። ይህ የእኛን ፓርቲ አባላትም ይጨምራል።

የተከበራችሁ መራጮች፤ ቃላችንን ብቻ እንድታምኑ አንጠይቅም። ዛሬ ማታ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያለውን የኮሌጅ ተማሪ ጠይቁት። በዚህ ዓመት ስንት ቀን መሣሪያ በእጅህ ያዝክ? በሉት። መልሱን ሰምታችሁ ፍረዱ፤ ከዚያም ወደ ምርጫ ጣቢያ ሂዱ።

ሙያ ክብር እንጂ ቅጣት አይሁን!
ድምፃችሁ ለልጆቻችሁ እጅ ሥራ ይስጥ!