ስለ አንድ የሕንድ ልጅና ስለ ወላጆቹ

በልጅነታችን ፊደል ያስቈጠሩን የኔታ አንድ መልካም ልማድ ነበራቸው። ድምፁ የሚያምረውን ልጅ ወደ ዜማ፥ አእምሮው የሚፈጥነውን ወደ ቅኔ፥ እጁ የሚቀናውን ወደ ቍም ጽሕፈት ይመሩት ነበር እንጂ ሁሉን በአንድ ሚዛን አይመዝኑም ነበር። እኛንም እጃችንን አይተው ወደ ብርዕና ወደ ቀለም መሩን፤ ዛሬ በፍርድ ቤት መዝገብ ጽፈን የምንበላው እንጀራ ከዚያ የተገኘ ነው። በዚህ ሳምንት የኔታን ያሳሰበን የአንድ የሕንድ ልጅ ታሪክ ነው።

ልጁ ጉኬሽ ዶማራጁ ይባላል። የገነነበትም ሙያ ቼዝ ነው። ይህ ጨዋታ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አባቶቻችን ሰንጠረዥ እያሉ ይጫወቱት ነበርና። ሰንጠረዥ የሚለው ስም ከፋርሶች ሻትራንጅ፥ የፋርሶቹም ከሕንዶች ቻቱራንጋ የመጣ ነው። በእኛ አገር ሥርዓት የፊተኛው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ምንጩ ግን ከዛሬው ቼዝ ጋራ አንድ ነው።

ጉኬሽ የተወለደው በደቡብ ሕንድ በቼናይ ከተማ፥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2006 ዓ.ም. በግንቦት ወር ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው። አባቱ የጆሮ፥ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም፥ እናቱም በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ሕዋሳትን የሚመረምሩ ባለ ሙያ ናቸው። ልጁ ቼዝን የተማረው በ2013 ዓ.ም. በሰባት ዓመቱ ሲሆን፥ ያን ጊዜ የሚማረው በሳምንት ሦስት ቀን፥ በቀንም አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የአገሩ ሰው ቪስዋናታን አናንድ በቼናይ ከኖርዌዩ ማግኑስ ካርልሰን ጋራ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጥመው ተሸነፉ። ሕፃኑ ከተመልካቾች መካከል ተቀምጦ በመስተዋት ውስጥ የሚጫወቱትን ሁለት ሰዎች ይመለከት ነበር፤ አንድ ቀን ከዚያ ውስጥ እቀመጣለሁ ብሎም በልቡ ተመኘ።

ምኞትስ ለማንኛውም ሕፃን አይከለከልም፤ ምኞቱን ተሸክሞ የሚሄደው ግን ቤተ ሰቡ ነው። ወላጆቹ መምህራኑን ከጠየቁና ትጋቱን ካዩ በኋላ፥ ከአራተኛ ክፍል በላይ እንደ ሌሎቹ ልጆች ዘወትር ትምህርት ቤት መዋሉን እንዲተው ፈቀዱለት። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም. አባትየው የሕክምና ሥራቸውን አቁመው ከልጃቸው ጋራ ከአገር ወደ አገር ተጓዙ። እናትየው ደግሞ በሥራቸው ጸንተው ቤቱን በደመወዛቸው አኖሩ። ገንዘቡም ያነሰበት ጊዜ ስለ ነበር የወላጆቹ ወዳጆች ለጕዞው አዋጥተው እንደ ረዱት ጉኬሽ ራሱ በኋላ ተናግሯል።

ድካማቸው በከንቱ አልቀረም። በ2019 ዓ.ም. በጥር ወር፥ ልጁ ገና አሥራ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ከ17 ቀን ሲሆነው ግራንድ ማስተር የተባለውን ማዕርግ ተቀበለ። ሰርጌይ ካርያኪን በዕድሜ ታናሽ ሆኖ ከተቀበለበት ጊዜ የዘገየው በ17 ቀን ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጕድለት ቈጥሮ ልጁን ባሳዘነው ነበር፤ ነገር ግን መንገዱ ቀጠለ። መምህሩ ቪሽኑ ፕራሳናም ማዕርጉን እስኪያገኝ ድረስ በኮምፒዩተር እንዲመራመር አልፈቀዱለትም፤ በራሱ አእምሮ ማሰብን አስቀድሞ እንዲለምድ ብለው ነው።

በ2024 ዓ.ም. በቶሮንቶ ከተማ የሻምፒዮኑን ተጋጣሚ ለመምረጥ በተደረገው ውድድር በሰባተኛው ዙር በአሊሬዛ ፊሩዝጃ ተሸነፈ። ያን ቀን ከማዘን ይልቅ ኀይል እንዳገኘ በኋላ ተናገረ፤ ውድድሩንም በአሥራ ሰባት ዓመቱ አንደኛ ሆኖ ፈጸመ። በኅዳር ወር መጨረሻ በሲንጋፖር ከቻይናው ዲንግ ሊሬን ጋራ ተገናኘ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈ፤ ሦስተኛውን አሸነፈ፤ ዐሥራ አንደኛውን አሸንፎ ዐሥራ ሁለተኛውን ተሸነፈ። ዲሴምበር 12 ቀን ዐሥራ አራተኛው ጨዋታ በእኩልነት ሊያልቅ ሲቃረብ ዲንግ ግንብ የሚመስለውን ጠጠር ያለ ቦታው አኖሩት። ጉኬሽም ስሕተቱን አይቶ ሰባት ተኩል ለስድስት ተኩል አሸነፈ፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱም የዓለም ሻምፒዮን ተባለ። ከእርሱ በፊት ጋሪ ካስፓሮቭ በ1985 ዓ.ም. ይህን ክብር ያገኙት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

የዚያን ጊዜ ጉኬሽ እንባውን እያፈሰሰ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መለሰ። አባቱ ከደጅ ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ነበር፤ ሲወጣም አቀፉት። ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ በሆላንድ በተደረገው ውድድር በአገሩ ልጅ በፕራግናናንዳ ተሸነፈ። ዘውድ ሽንፈትን አያስቀርምና።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ይህን ታሪክ ሰምቶ ነገ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስወጣ ወላጅ እንዳይኖር እንለምናለን። አንዱ ሲደርስ በመንገድ የቀሩት ብዙዎች ናቸው፤ የእነርሱን ስም ግን ጋዜጣ አይጽፈውም። ከዚህ ቤተ ሰብ የምንማረው ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያ ፈቃዱ የልጁ ነበረ፤ ሁለተኛም ወላጆቹ በራሳቸው ፍቅር ብቻ ሳይፈርዱ ዐዋቂዎችን ጠየቁ፤ ሦስተኛም ሸክሙን ባልና ሚስት ተካፈሉት።

እኛ በሥራችን ምክንያት፥ ለልጃቸው ያወጡትን ብር በዳኛ ፊት እየቈጠሩ የሚካሰሱ አባትና እናት ብዙ ጊዜ እናያለን። የሁለቱንም ቃል በአንድ ወረቀት ላይ ስንጽፍ ልጁ በአዳራሹ ጥግ ቆሞ ይሰማል፤ ሂሳቡ ሲደመርም የሚጐድለው እርሱ ነው። ለልጅ የሚወጣ ገንዘብ እንደ ዘር ነው፤ ገበሬ ሲዘራ ዝናሙን ከሰማይ ይጠብቃል እንጂ መሬቱን አይከስም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ምን እንደሚወድ ጠይቁት። መልሱ ሰንጠረዥ ወይም ዜማ፥ ወይም መዶሻና ምስማር ቢሆን አትናቁበት። የኔታ ቢኖሩ እንዲሁ ባደረጉ ነበር።