የሽኮኮ አደን ጥይትና የእርሳስ ሕግ፦ ሃያ ሁለቱን ለብቻው እንየው

በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ የሽኮኮ አደን የሚከፈተው በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው፤ አንድ አዳኝ በቀን እስከ ስድስት እንዲገድል ይፈቀድለታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከአሌክሳንድሪያ አፓርትመንት መስኮት ለሚመለከት ወገናችን ጉዳዩ ባዕድ ሊመስል ይችላል። (በአገራችን ሽኮኮ ስንል የገደሉን እንስሳ ማለታችን ነበር፤ እዚህ ግን ስሙን ለዛፍ ወጪው አውሰነዋል። ሁለቱንም የሚበላ ከመካከላችን ብዙ አይገኝም።) ሆኖም በእነዚህ ከተሞች የምንኖር ሰዎች አናፖሊስና ሪችመንድ ላሉ ሕግ አውጪዎች ድምፅ እንሰጣለን፤ እርሳስን ከአደን ጥይት የማስወጣቱ ክርክር ደግሞ በመጨረሻ ከእነርሱ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፍ ነው።

የእርሳስ ጉዳት አከራካሪ አይደለም። ለሕፃናት ደኅንነቱ የተረጋገጠ የእርሳስ መጠን የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በ38 ክፍላተ ሀገር የተሰበሰቡ 1,210 ንስሮችን መርምሮ፣ ግማሽ ያህሉ ለረጅም ጊዜ በእርሳስ የመመረዝ ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከአሌክሳንድሪያ በስተ ደቡብ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው የሜሰን ኔክ መጠለያ በ1969 የተቋቋመው እነዚህኑ ነጭ ራስ ንስሮች ለመጠበቅ ነው። ንስሩ የሚመረዘው በአብዛኛው አዳኝ ጥሎት የሄደውን የእንስሳ ሆድ ዕቃ ወይም ሬሳ ሲበላ ነው።

እዚህ ድረስ ከአጋሮቻችን ጋር አንድ ነን። የምንለያየው ረቂቆች «የእርሳስ ጥይት» የሚለውን ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠቀልሉ ነው። የሽኮኮ አዳኝ በብዛት የሚይዘው ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል የተባለውን፣ በ1887 የወጣ ትንሽ ጥይት ነው። ሪምፋየር የሚሰኘው ማቀጣጠያው በቀለሁ ግርጌ ጠርዝ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው። የተለመደው አረሩ 40 ግሬን፣ ማለትም 2.6 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከድምፅ ፍጥነት በታች፣ በሰከንድ 320 ሜትር አካባቢ የሚበረው ዓይነት ድምፁ ዝግ ያለ ነው፤ አረሩም ከፈጣኞቹ ያነሰ ይሰባበራል። ጥንቁቅ አዳኝ ይህን መርጦ ራስ ላይ ያነጣጥራል፤ ሥጋውም ከስብርባሪ ይተርፋል። በ2002 የወጣው አሥራ ሰባት ኤችኤምአር ግን በ17 ግሬን አረር በሰከንድ ከ770 ሜትር በላይ ይበራል። እንዲህ ያለ ቀጭንና ፈጣን አረር ትንሽ እንስሳ ሲመታ ይበታተናል፤ የሚያተርፈው ሥጋም ጥቂት ነው። ሁለቱም ሪምፋየር ናቸው፣ ሁለቱም እርሳስ ይይዛሉ፣ አደጋቸው ግን እኩል አይደለም።

«ታዲያ በመዳብ ይተኩት» ይባላል። ችግሩ የፊዚክስ ነው። የእርሳስ ጥግግት በኩብ ሴንቲሜትር 11.3 ግራም ሲሆን የመዳብ 8.9 ነው፤ ክብደቱ ካልተቀነሰ የመዳቡ አረር ይረዝማል። የአብዛኞቹ ሃያ ሁለት ጠመንጃዎች አፈሙዝ ውስጥ ያለው ጥምዝ በ16 ኢንች አንዴ የሚዞር ነው፤ የተሠራውም ለእርሳስ አረር በመሆኑ ረጅሙን አረር አያጸናውም። አምራቾች ስለዚህ ክብደቱን ይቀንሳሉ፤ ለምሳሌ የሲሲአይ ኮፐር 22 አረር 21 ግሬን ብቻ ነው። ቀላል አረር ቶሎ ይደክማል፣ ነፋስም ያስተዋል፤ በብዙ ጠመንጃዎችም ዒላማው ይበተናል። ለሽኮኮ ራስ የአንድ ጣት ስሕተት ማለት ቆስሎ ያመለጠ እንስሳ ማለት ነው፤ ያ እንስሳ ደግሞ ለንስሩ መርዝ ባይሆንም ለሕሊና አይመችም።

ካሊፎርኒያ በ2013 በወጣው ሕጓ፣ ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ማንኛውንም የዱር እንስሳ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች፤ ሪምፋየርም አልተለየም። ቀኑ አስቀድሞ ስለ ተቆረጠ ገበያው ለመዘጋጀት ዓመታት አገኘ፤ ለሃያ ሁለት ግን ዛሬም ምርጫው ጠባብ ነው። አሪዞና በካይባብ ደጋ ኮንዶሮችን ለማዳን ነፃ መዳብ ጥይት ለአዳኞች እያደለች ያለ ክልከላ ከ80 በመቶ በላይ ተባባሪ አግኝታለች። የፌዴራሉ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው፦ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ጃንዋሪ 19 ቀን 2017፣ በአስተዳደሩ የመጨረሻ ሙሉ ቀን ያወጣውን ትእዛዝ አዲሱ የአገር ውስጥ ሚኒስትር ማርች 2 ሻሩት። ስድስት ሳምንት ብቻ ቆየ። ያን ያህል አጭር ዕድሜ ላለው ድል ያን ያህል ጠላት ማፍራት ተገቢ አልነበረም።

ስለዚህ ቅደም ተከተል ያስፈልጋል። ሽኮኮን በረሽ የሚያድን ሰው ምክንያት የለውም፤ የውሃ ወፍ አደን በእርሳስ ረሽ በመላው አገሪቱ ከታገደ ከ1991 ወዲህ ብረቱ በየሱቁ አለ። የአጋዘን አዳኝም ጥሩ የመዳብ ጥይት ያገኛል፤ በደን የሚቀረው ትልቁ የሆድ ዕቃ ክምር የእርሱ ነው። ሁለቱ አሁኑኑ በሕግ ይያዙ። ሪምፋየር ግን በሕጉ ውስጥ የራሱ አንቀጽና የራሱ የጊዜ ገደብ ይኑረው። ገደቡ ከመድረሱ በፊት የክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት መርዝ አልባዎቹ ጥይቶች በተለመዱ ጠመንጃዎች ምን ያህል እንደሚያነጣጥሩ ፈትኖ በይፋ ያሳውቅ፤ አዳኙም ሬሳ ጥሎ እንዳይሄድ ይገደድ። ለዘላለም ነፃ ይሁን የሚለውን የጥይት ነጋዴዎች ሐሳብም አንደግፍም፤ ቀን ያልተቆረጠለት ፋብሪካ አይሻሻልም።

ለዚህ ሙከራ ቅርቡ ቦታ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ የማይርቀው፣ በሎረል አጠገብ ያለው የፓተክሰንት ምርምር መጠለያ ነው። የ2022ቱ የፌዴራል ደንብ በዚያና በጥቂት ሌሎች መጠለያዎች እርሳስ ከ2026 መኸር ጀምሮ እንዲቀር ቀን ቆርጦ ነበር። አዳኞቹ እዚያ ምን እንደገጠማቸው የሚጠይቅ ሠራተኛ ከየትኛውም ምስክርነት የተሻለ ማስረጃ ይዞ ይመለሳል። በ1937 ከወጣው ሕግ ወዲህ በእያንዳንዱ ጥይት ላይ 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸውና፣ የሁለቱም ምክር ቤቶች ጉባኤ በጃንዋሪ ከመከፈቱ በፊት ረቂቁን ይዘን ልናነጋግራቸው ይገባል።